ናሙና ስለ መላክ፤ ለምርምር ከአገር ወደ አገር የሚጓዙ ሕይወት ነክ ነገሮች ጥንቃቄና ሕግ

በምርምር ሥራ ላይ የተሰማራ ተማሪ ብዙ ጊዜ ሐሳቡን የሚጥለው በናሙናው መሰብሰብና በውጤቱ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ነገር፥ ማለት ናሙናው ከተሰበሰበበት ስፍራ ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ የሚሄድበት መንገድ፥ እንደ ተራ የፖስታ ቤት ጉዳይ ይቈጠራል። ነገር ግን ብዙ ድካም ከንቱ የሆነው፥ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወት የጠፋው፥ በዚሁ በመካከለኛው መንገድ ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ተማሪ ወይም መምህር ደም፥ አክታ፥ ዘር፥ ቅጠል፥ ነፍሳት ወይም በላቦራቶሪ የተራባ ጀርም ወደ ሌላ አገር ለመላክ በሚያስፈልገው ጊዜ ሊመልሳቸው የሚገቡትን ሁለት ጥያቄዎች ለማስረዳት ነው። አንደኛው፤ ዕቃው በመንገድ ላይ ማንንም ሳይጐዳ፥ ራሱም ሳይበላሽ እንዴት ይደርሳል? ሁለተኛው፤ ዕቃው የማን ነው? እንዲላክስ የፈቀደው ማን ነው? የመጀመሪያው የፊዚክስና የሕክምና ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የሕግና የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። አንዱን መልሶ ሌላውን የተወ ላኪ ሥራውን በግማሽ ትቶታል ማለት ነው።

ከታሪክ ጥቂት ምሳሌዎች

ሕይወት ያለውን ነገር ሩቅ አገር ማድረስ አዲስ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1803 የስፔን መንግሥት የፈንጣጣን ክትባት በአሜሪካ ወደነበሩት ግዛቶቹ ለመላክ ፈለገ። በዚያ ዘመን ማቀዝቀዣ ስላልነበረ ክትባቱ በብልቃጥ ሆኖ የውቅያኖሱን ጉዞ ለመቋቋም አይችልም ነበር። ስለዚህ ሐኪሙ ፍራንሲስኮ ሐቪየር ደ ባልሚስ 22 ወላጅ አልባ ሕፃናትን በመርከብ ይዞ ተነሣ። በየጊዜው ሁለት ሁለቱን እየከተበ፥ ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ክንድ እያስተላለፈ፥ ክትባቱን በሕይወት አደረሰው። በዚህ ሥራ ብዙ ሕዝብ ድኗል። ሆኖም ሕፃናቱ የናሙና መያዣ ሆነው ተጫኑ እንጂ እንቢ ለማለት የሚችሉ አልነበሩም። እንግዲህ ከመጀመሪያው አንሥቶ የጥንቃቄውና የፍትሑ ጥያቄ አብረው ይሄዱ እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የሩሲያው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በበቅሎ እየተጓዘ ብዙ የስንዴ፥ የገብስና የሌላ እህል ዘር ሰብስቦ ወደ ሌኒንግራድ ልኳል። አገራችን የብዙ እህል ዓይነቶች መናኸሪያ መሆኗን ለዓለም ያስታወቀው ይህ ጉዞ ነው። ሊቁም ራስ ተፈሪ ዘንድ ቀርቦ ስለ ጉዞው ተነጋግሯል። ያን ጊዜ ከአገር ስለሚወጣ ዘር የሚናገር ዓለም አቀፍ ሕግ ስላልነበረ፥ ከየአርሶ አደሩ ጐተራ የተዘገነው ዘር በምን ስምምነት እንደሚሄድ የሚደነግግ ነገር አልነበረም።

ስለ አደጋው ደግሞ የሚያስተምረን እ.ኤ.አ. በ1967 የደረሰው ነገር ነው። ከኡጋንዳ የተላኩ ጦጣዎች በጀርመን አገር ማርቡርግና ፍራንክፈርት፥ በዩጎስላቪያም ቤልግሬድ ወደሚገኙ ላቦራቶሪዎች ገቡ። የተፈለጉት ኩላሊታቸው ለክትባት ሥራ ስለሚጠቅም ነበር። በደማቸው ውስጥ ግን ከዚያ በፊት ሳይንስ የማያውቀው ቫይረስ ነበረ። 31 ሰዎች ታመው 7ቱ ሞቱ፤ ቫይረሱም እስከ ዛሬ «ማርቡርግ» በሚል ስም ይጠራል። በዚህ ነገር ላኪውም ተቀባዩም ክፉ አላሰቡም፤ በተላከው ውስጥ ያለውን አለማወቃቸው ግን ለአደጋው በቂ ምክንያት ሆነ።

ይህ የድሮ ዘመን ስሕተት ነው የሚል ቢኖር እ.ኤ.አ. በ2015 የሆነውን ያስታውስ። በአሜሪካ በዩታ ክፍለ ግዛት የሚገኘው የዳግዌይ የጦር ላቦራቶሪ የአባ ሰንጋን ጀርም በጨረር ገድያለሁ ብሎ ለብዙ ላቦራቶሪዎች፥ እስከ ደቡብ ኮሪያ ድረስ፥ ሲልክ እንደ ኖረ በዚያ ዓመት ታወቀ። በኋላ ሲመረመር ከተላከው ውስጥ ሕይወት ያለው ተገኘ። ጀርሙ «ሞቷል» ተብሎ ስለ ተጻፈ የተጓዘው እንደ ሞተ ዕቃ ነው። ስለዚህ በሣጥን ላይ የሚጻፍ ቃል በእውነተኛ ምርመራ ያልተደገፈ እንደ ሆነ ከባዶ ሣጥን የበለጠ ያሳስታል።

ዕቃውን ለይቶ ማወቅ

ላኪው ከማሸጉ አስቀድሞ የሚልከው ነገር ከየትኛው ምድብ እንደሚገባ መወሰን አለበት። የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ባወጡት መምሪያ ላይ የተመሠረተው፥ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪየሽን ድርጅትና ኢያታ የሚባለው የአየር መንገዶች ማኅበር የሚሠሩበት አከፋፈል የሚከተለው ነው።

ምድብ ሀ የሚባለው ከመያዣው ወጥቶ ሰውን ወይም እንስሳን ቢነካ ጤነኛ የነበረውን ለሞት፥ ለሕይወት ለሚያሰጋ በሽታ ወይም ለዘለቄታ ጉዳት የሚያደርስ ነው። ሰውን የሚይዝ ሲሆን ዩኤን 2814፥ እንስሳን ብቻ የሚይዝ ሲሆን ዩኤን 2900 የሚል ቍጥር ይሰጠዋል። ምድብ ለ የሚባለው በሽታ አምጪ ነገር ያለበት፥ ነገር ግን እንደ መጀመሪያው የማያስፈራ ሲሆን ቍጥሩ ዩኤን 3373 ነው። ከሆስፒታል ለምርመራ የሚላከው ደምና አክታ አብዛኛው ከዚህ ይመደባል። በሦስተኛ ደረጃ፥ በሽታ አምጪ ነገር ይኖርበታል ተብሎ የማይጠረጠር የሰው ወይም የእንስሳ ናሙና አለ፤ ይህ ከብዙው ደንብ ነጻ ቢሆንም በደንብ መታሸግ ይገባዋል። በመጨረሻም በማጣሪያ ወረቀት ላይ ጠብ ተደርጎ የደረቀ ደምና ይህን የመሳሰለ፥ እንደ ተላላፊ ዕቃ የማይቈጠር አለ።

በዚህ ረገድ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ምድቡን የሚወስነው የበሽታው ስም ብቻ መስሏቸው ነው። የሳንባ ነቀርሳን እንውሰድ። ከሕመምተኛ የተቀበሉት አክታ በምድብ ለ ይሄዳል። ያው አክታ በላቦራቶሪ ተዘርቶ ጀርሙ ከተራባ በኋላ ግን የተራባው ጀርም በአየር ሲላክ በምድብ ሀ ይሆናል። ምክንያቱም በአክታው ውስጥ የነበረው ጀርም ጥቂት ሲሆን፥ በላቦራቶሪ የተራባው ግን በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ እጅግ ብዙ ሆኖ የተከማቸ ስለ ሆነ ነው። በኤድስ ቫይረስም እንዲሁ ነው፤ የሕመምተኛው ደምና የተራባው ቫይረስ በአንድ ደንብ አይሄዱም። እንደ ኢቦላ ባሉት ግን ደሙም ቢሆን፥ የተራባውም ቢሆን፥ ከምድብ ሀ አይወጣም።

ላኪው ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ከተጠራጠረ ከፍ ወዳለው ጥንቃቄ ያዘንብል። ለጥንቃቄ የሚጨመረው ወጪ የሚከፈለው በገንዘብ ነው፤ በቸልታ የሚመጣው ጉዳት ግን በአውሮፕላን ማረፊያ ሣጥን በሚሸከመው ሰው ላይ ነው። ይህ ሰው በሣጥኑ ውስጥ ያለውን አያውቅም፤ የሚጠብቀውም የእኛ ሐቀኝነት ብቻ ነው።

ስለ ሦስቱ መያዣዎች

የተላላፊ ናሙና አስተሻሸግ በየትም አገር በአንድ መሠረት ላይ የቆመ ነው፤ እርሱም ሦስት ድርብ መያዣ ነው። የመጀመሪያው ናሙናው ያለበት፥ ፈሳሽ የማያስወጣው ብልቃጥ ነው። ሁለተኛው ብልቃጡን የሚከብበው፥ እርሱም ፈሳሽ የማያስወጣ ጠንካራ ዕቃ ነው። በሁለቱ መካከል በብልቃጡ ያለው ፈሳሽ ሁሉ ቢፈስ መጥጦ ሊይዝ የሚችል ጥጥ ወይም ሌላ ነገር ይገባል። ብልቃጦቹ ብዙ ከሆኑ እርስ በርሳቸው እንዳይጋጩ እያንዳንዳቸው ይጠቀለላሉ። ሦስተኛው ከውጭ ያለው ሣጥን ነው፤ ከገጾቹ አንዱ ቢያንስ 10 በ10 ሴንቲሜትር መሆን አለበት። በሁለተኛው መያዣና በውጪው ሣጥን መካከል የይዘቱ ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት ይደረጋል፤ ወረቀቱ ከብልቃጡ ጋር ቢገባ ግን በፈሰሰ ጊዜ ሊነበብ አይችልም።

ለምድብ ለ የተዘጋጀ ሣጥን ከ1.20 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ይዘቱን መጠበቅ አለበት። ይህ ሰው ሣጥን ተሸክሞ ቢያመልጠው የሚወድቅበት ከፍታ ያህል ነው። ለምድብ ሀ ግን ፈተናው 9 ሜትር ነው። በአየር ሲላክ የምድብ ለ ፈሳሽ በአንድ ብልቃጥ ከ1 ሊትር፥ በአንድ ሣጥንም ከ4 ሊትር መብለጥ አይገባውም። የምድብ ሀ ዕቃ በመንገደኛ አውሮፕላን ሲሄድ በአንድ ሣጥን ከ50 ሚሊ ሊትር ወይም ከ50 ግራም አይበልጥም። በሣጥኑ ላይ የላኪና የተቀባይ ስምና አድራሻ፥ ነገሩን የሚያውቅና በስልክ ሊገኝ የሚችል ሰው ስም፥ እንዲሁም በማዕዘኑ የቆመ ካሬ ምልክት ከነቍጥሩ ይደረጋል። ምድብ ሀን ማሸግና የአደገኛ ዕቃ መግለጫውን መፈረም የሚችለው ለዚህ ሥራ የሠለጠነና የምስክር ወረቀቱ ያላለፈበት ሰው ብቻ ነው፤ ሥልጠናውም በየ2 ዓመቱ ይታደሳል።

ከዚህ ጋር ሊጠቀስ የሚገባው፥ ተላላፊ ናሙናን በኪስ ወይም በሻንጣ ይዞ አውሮፕላን መሳፈር ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑ ነው። «ትንሽ ብልቃጥ ናት፤ ራሴ ላድርሳት» የሚል ተመራማሪ ለመርዳት አስቦ ሊሆን ይችላል፤ የሚያደርገው ግን ብዙ መንገደኞች ሳያውቁ ከዕቃው ጋር እንዲጓዙ ነው።

የአየር ግፊት ጉዳይ

የደንቡ አንድ አንቀጽ ለእኛ ለደገኞች ለየት ያለ ትርጕም ስላለው በሰፊው ልናየው ይገባል። ለፈሳሽ ናሙና ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው መያዣ አንዱ የ95 ኪሎፓስካል የግፊት ልዩነት ሳያፈስ እንዲችል ያዛል። ይህ ከባሕር ጠረፍ የአየር ግፊት ጥቂት ብቻ የሚያንስ ነው።

አውሮፕላን ወደ ላይ ሲወጣ በውስጡ ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ብዙውን ጊዜ በ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለው ያህል ይሆናል። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ የታሸገ ብልቃጥ በጉዞ ላይ በውስጡ ያለው አየር ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ክዳኑም የላላ እንደ ሆነ ፈሳሹ ይወጣል። በአዲስ አበባ የታሸገው ግን ተቃራኒው ይደርስበታል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ በ2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ገደማ ያንሳል። እዚህ የታሸገ ብልቃጥ አምስተርዳም ላይ ሲወርድ የውጭው አየር ወደ ውስጥ ይጫነዋል፤ ስስ የፕላስቲክ ዕቃም ይጨማደዳል። በክዳኑ ዙሪያ ያለው እርጥበትና እድፍም ወደ ናሙናው ሊሳብ ይችላል። ደኅና የመሰለው ናሙና ተበክሎ የሚገኝበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። በጠመዝማዛ ክዳን ላይ የጎማ ቀለበት ያለበትን ብልቃጥ መምረጥና እስከ አፉ አለመሙላት የሚመከረውም ስለዚህ ነው።

ስለ ቅዝቃዜ

ብዙ ናሙና ካልቀዘቀዘ ይበላሻል። ለዚህ የሚያገለግለው ደረቅ በረዶ የተባለው የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 78.5 ዲግሪ ያህል ነው። ይህ በረዶ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ጋዝ ይለወጣል። 1 ኪሎ ደረቅ በረዶ በክፍል ሙቀት ከ500 ሊትር የሚበልጥ ጋዝ ይሆናል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። መጀመሪያ፥ ደረቅ በረዶ አየር በማያስወጣ ዕቃ ከተዘጋበት ዕቃው እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ስለዚህ በረዶው ምን ጊዜም በሁለተኛው መያዣና በውጪው ሣጥን መካከል እንጂ በታሸገው ውስጥ አይገባም፤ የውጪውም ሣጥን ጋዙ የሚወጣበት መተንፈሻ ይኖረዋል። ሁለተኛ፥ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ በጠባብ ክፍል ውስጥ ከታች ይተኛል፤ ሰውንም ሳይታወቀው ያፍናል። ስለዚህ ዩኤን 1845 የሚለው ቍጥር ከበረዶው ክብደት ጋር በኪሎ በሣጥኑ ላይ ይጻፋል።

በረዶው ሲያልቅ በሣጥኑ ውስጥ ባዶ ስፍራ ስለሚቀር ሁለተኛው መያዣ እንዳይንከባለል በድጋፍ መያዝ አለበት። ከዚያም በላይ የሚያስፈልገው የቀን ሂሳብ ነው። በረዶው ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚበቃ ሲሆን ሣጥኑ ዓርብ ማታ ከተላከ፥ ቅዳሜና እሑድ በጉምሩክ መጋዘን ይተኛል፤ ሰኞ ሲከፈት የሚገኘው ለብ ያለ ውኃ የመሰለ ነገር ነው። ከቈላ መንደር በበቅሎና በመኪና ተጭኖ የመጣ የአንድ ዓመት ድካም በሁለት የዕረፍት ቀን ይጠፋል። ስለዚህ ሰኞ ወይም ማክሰኞ መላክ፥ የተቀባዩን አገር በዓል አስቀድሞ መጠየቅ፥ በረዶውንም ለሚገመተው ጊዜ እጥፍ ማድረግ ይገባል። ጉዞው የሚረዝም ሲሆን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚሆነው በፈሳሽ ናይትሮጂን የተነከረ፥ ፈሳሹን መጥጦ የሚይዝ ልዩ ዕቃ ለብዙ ቀን ያቈያል።

የነፍሳትና የዓሣ ናሙና በአልኮል የሚጠበቅ ሲሆን አደጋው እሳት ነው። ኢያታ በዚህ ረገድ ለሳይንስ ናሙና አንድ ቸርነት አድርጓል፤ በአንድ ብልቃጥ ከ30 ሚሊ ሊትር፥ በአንድ ሣጥን ከ1 ሊትር የማይበልጥ አልኮል በተወሰነ አስተሻሸግ እንዲሄድ ይፈቅዳል። ተላላፊ ነገር ያለበት ግን በዚህ ቸርነት አይጠቀምም።

ናሙናው የማን ነው?

እስከዚህ ያየነው በገንዘብና በትጋት የሚፈጸም ነው። የሚቀጥለው ግን ከባድ ነው። ብልቃጡ ሳይሰበር፥ በረዶው ሳያልቅ የደረሰ ናሙና በሕግ ፊት የተሰረቀ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ የእህል ዘርና የዱር ተክል የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው የሚል አስተያየት ነበረ። ቃሉ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ዘሩ ከድኻ አገር በነጻ ይወጣና የተሻሻለው ዘር በዋጋ ይመለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔይሮ የተፈረመው የብዝኀ ሕይወት ስምምነት ይህን ለወጠ፤ እያንዳንዱ አገር በተፈጥሮ ሀብቱ ላይ ሥልጣን እንዳለው፥ ወሳጁም አስቀድሞ ፈቃድ ጠይቆ ከሚገኘው ጥቅም ማካፈል እንደሚገባው ደነገገ። እ.ኤ.አ. በ2010 በጃፓን የጸደቀውና በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮል ደግሞ አፈጻጸሙን በዝርዝር አወጣ።

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 482/1998 እና ደንብ ቁጥር 169/2002 ይህንኑ ይደነግጋሉ። በአዋጁ መሠረት የጄኔቲክ ሀብት ባለቤት መንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ ነው፤ የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤት ግን ያው ዕውቀቱን የያዘው ማኅበረሰብ ነው። ሀብቱን ለመውሰድ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከአገር ለማውጣትም እንዲሁ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የጉምሩክና የፖስታ ሠራተኞችም ይህን የመቈጣጠር ግዴታ አለባቸው። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1976 የዕፅዋት ዘር ማእከል ሆኖ የተቋቋመው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። ወደ ውጭ ለመጠጥ የሚሸጥ ቡና ወይም ዋሽንግተን ለሚኖር ዘመድ ለእንጀራ የሚላክ የጤፍ ዱቄት በዚህ ሕግ አይያዝም፤ የሚፈለገው ለመብል ነውና። ያው ቡና ዘሩ ተዘርቶ ሊዳቀል ወይም የውስጥ ባሕርዩ ሊመረመር የሚሄድ ሲሆን ግን የጄኔቲክ ሀብት ይሆናል። ሕጉ የሚመለከተው የእህሉን መልክ ሳይሆን የሚወሰድበትን ጉዳይ ነው።

«የማኅበረሰብ ዕውቀት» የሚለውን ለመረዳት የእንዶድን ነገር ማስታወስ ይበቃል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ወንዝ ዳር ሲመራመሩ ሴቶች ልብሳቸውን በእንዶድ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዝያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፍ ስለ ሆነ ነገሩ ትልቅ የምርምር በር ከፈተ። ፍሬውን ወደ ላቦራቶሪ የወሰደው ሳይንስ ነው፤ እንዶድ ልብስ እንደሚያነጻ አውቀው ከትውልድ ወደ ትውልድ ያስተላለፉት ግን አጣቢዎቹ ናቸው።

የጤፍና የቡና ትምህርት

ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ የጤፍ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ጤፍን ስለ መጠቀምና ጥቅሙን ስለ መካፈል ውል ተፈራረሙ። ውሉ በዚያን ጊዜ እንደ መልካም ምሳሌ ይቈጠር ነበር። ነገር ግን የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የፈጠራ ባለቤትነት መብት እ.ኤ.አ. በ2007 በአውሮፓ ተሰጠ። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ መብቱ ግን በሌላ ኩባንያ እጅ ቀረ፤ ያም ኩባንያ በኢትዮጵያ ውል የታሰረ አልነበረም። ኢትዮጵያ ያገኘችው ጥቅም እጅግ ጥቂት ነበር። በመጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 መብቱ በሆላንድ እንዲሰረዝ የፈረደው በሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች ክርክር ምክንያት ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ በውል ውስጥ «ተቀባዩ ለሦስተኛ ወገን ሲያስተላልፍ ግዴታውም አብሮ ይተላለፋል» የሚለው ቃልና ቃሉን የሚያስከብር ኀይል ከሌሉ ፊርማው ብዙ አያድንም።

ቡናም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 የዓለም የእርሻና የምግብ ድርጅት የላካቸው ሊቃውንት ከደኖቻችን የቡና ዘር ሰበሰቡ፤ ዘሩም በየአገሩ ተተከለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ዘር ከበቀሉ 3,000 ያህል ዛፎች መካከል በተፈጥሯቸው ካፌይን የሌላቸው ያህል የሆኑ 3 ዛፎች ማግኘታቸውን አስታወቁ። ዘሩ ከተወሰደ 40 ዓመት አልፎ ነበር። በሚላክበት ቀን ዋጋው ያልታወቀ ነገር ከብዙ ዘመን በኋላ ዋጋ ሊያገኝ ስለሚችል፥ ውል የሚጻፈው ዛሬ ለምናውቀው ጥቅም ብቻ አይደለም።

የሰው ናሙና ሲሆን ጉዳዩ ይበልጥ ይጠነክራል። ለወባ ምርመራ ክንዱን የዘረጋ ሕመምተኛ ፈቃዱን የሰጠው ለወባው ነው፤ ደሙ በሌላ አገር ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ ከዓመታት በኋላ ለሌላ ጥናት እንዲውል አይደለም። ስለዚህ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይህ ምርመራ በአገር ውስጥ ሊሠራ አይችልምን? የተረፈው ናሙና ይመለሳል ወይስ ይወገዳል? ከጽሑፉ ጸሓፊዎች መካከል ያገሩ ተመራማሪ አለበትን? ብሎ ይጠይቃል። መልሱ የናሙና ማስተላለፊያ ውል በሚባለው ሰነድ ይጻፋል። ይህን ውል እንደ አድካሚ ወረቀት የሚያይ ተማሪ ቢኖር፥ ውሉ የሕመምተኛው ጠበቃ መሆኑን ያስብ።

ዛሬ ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። የአንድ ተክል ወይም ጀርም የዘር ፊደል ከተነበበ በኋላ ዕቃው ራሱ ሳይነሣ ፊደሉ ብቻ በኮምፒውተር ከአገር አገር ይሄዳል፤ ይህን ጉምሩክ ሊያየው አይችልም። የብዝኀ ሕይወት ስምምነት አባል አገሮች በዚህ ተከራክረው በፊደሉ የሚጠቀሙ ኩባንያዎች የሚከፍሉበትን የካሊ ፈንድ የተባለ ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራ አስጀምረዋል። ክፍያው በኩባንያዎቹ በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ስለ ሆነ ፍሬውን ገና እናያለን።

የሥራው ቅደም ተከተል

እንግዲህ ላኪው የሚከተለውን ቅደም ተከተል ቢይዝ አይሳሳትም።

1ኛ፤ ናሙናው ምን እንደ ሆነ፥ ምን ሊኖርበት እንደሚችል ለይቶ ይጻፍ።

2ኛ፤ ሳይሰበስብ አስቀድሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴን፥ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤትና የአገሩን ሰዎች ፈቃድ ይጠይቅ። ከተሰበሰበ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ ይቅርታ መጠየቅ ነው።

3ኛ፤ የማስተላለፊያ ውሉ በሁለቱም ወገን ይፈረም።

4ኛ፤ ተቀባዩ በአገሩ የማስገቢያ ፈቃድ ያውጣ። ዘርና ሕይወት ያለው ተክል ከሆነ ከዕፅዋት ኳራንቲን የጤንነት ምስክር ወረቀት ይያያዝ። ጭላዳን የመሰለ በዓለም አቀፍ የዱር አራዊት ንግድ ስምምነት የተመዘገበ እንስሳ ከሆነ፥ ደሙ ወይም ጠጕሩ ቢሆንም እንኳ፥ የዚያን ፈቃድ ይጠይቃል።

5ኛ፤ አጓጓዡ ዕቃውን እንደሚቀበል አስቀድሞ ይጠየቅ፤ የምድብ ሀ ዕቃ በዓለም አቀፍ ፖስታ አይሄድም።

6ኛ፤ ሦስቱ መያዣዎች፥ ምልክቱና ወረቀቶቹ ሣጥኑ ከመታሸጉ በፊት በሁለተኛ ሰው ይታዩ።

7ኛ፤ የተላከበት ቀንና ቍጥር ለተቀባዩ ይነገር፤ ሲደርስም በምን ሁኔታ እንደ ደረሰ ተቀባዩ ይመልስ።

ማጠቃለያ

አንዳንድ ሰዎች ይህ ሁሉ ፈቃድ ሳይንስን ያዘገያል ይላሉ። ቃላቸው ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ የአንድ ሳምንት መዘግየት ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች ለእንዲህ ያለው ጊዜ ፈጣን መንገድ አስቀድመው ማሰናዳት ይገባቸዋል። ነገር ግን መዘግየትን መፍራት ፈቃዱን ለመዝለል ምክንያት አይሆንም። አንድ ጊዜ የተከዳ መንደር ለሚቀጥለው ተመራማሪ ዘሩንም ደሙንም አይሰጥም፤ የዚያ መዘግየት ከወረቀቱ መዘግየት ይልቅ ረጅም ነው።

አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፤ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። ናሙና አደራ ነው። ጭብጥ ዘር የሰጠው አርሶ አደር፥ ክንዱን የዘረጋው ሕመምተኛ፥ ሣጥኑን የሚሸከመው ሠራተኛ ሁሉም ባላዩት ነገር አምነውናል። ከሦስቱ መያዣዎች በላይ ናሙናውን የሚጠብቀው ይህን እምነት የሚያከብር ላኪ ነው፤ እንዲህ ያለውንም ላኪ ማሠልጠን የላቦራቶሪ ትምህርታችን አንዱ ክፍል ሊሆን ይገባዋል።